ለደጋ የተሸጠ ሞተር ለደጋ ይስተካከል

የንግድ ሥራ ዕቃን ከወደብ አንሥቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ በመደርደሪያ ላይ ደርድሮ በመሸጥ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የተሸጠው ዕቃ በገዢው እጅ ተገቢ አገልግሎቱን እስኪሰጥ ድረስ የነጋዴው ስም ከዕቃው ጋር አብሮ ይዞራል። ዕቃው ሲያገለግል ስሙ ይመሰገናል፤ ዕቃው ሲሰናከል ስሙም አብሮ ይነሣል። ይህ እውነት ከብዙ ሸቀጥ ይልቅ በሞተርና በሞተር መለዋወጫ ንግድ ላይ ጎልቶ ይታያል።

በዳባትና በደባርቅ ከተሞች፣ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች በቤንዚን የሚሠሩ ልዩ ልዩ ሞተሮች ይገኛሉ። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት፣ ዕድሜ የጠገቡ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር መኪናዎች፣ የቀድሞ ሞዴል ኮሮላዎች፣ አነስተኛ ጄኔሬተሮችና የመስኖ ውሃ መሳቢያዎች ከእነዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ ካርቡረተር ያላቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ክስ ይቀርብባቸዋል፤ ይኸውም ቤንዚን ይፈጃሉ፣ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ካንዴላ ያጠቁራሉ፣ ዳገት ላይ ይደክማሉ የሚል ነው። ባለንብረቱ «አርጅቷል» ብሎ ይፈርድበታል፤ መካኒኩ አዲስ ካርቡረተር እንዲገዛ ያዝዘዋል፤ ባለሱቁም ያለውን አውጥቶ ይሸጥለታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ያው ጭስ ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ሕመሙ ግን አልዳነም።

የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ዕድሜ ሳይሆን አገሩ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል፣ ዳባትም 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። በደባርቅ ከፍታ የአንድ ሊትር አየር ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ካርቡረተሩ ግን በአብዛኛው የተሠራውና የተለካው ለዝቅተኛ አገር ነው። አየር በካርቡረተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ በቋቱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ጄት በምትባለው ጥቃቅን የናስ ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን ጥቂት ይቀንሳል እንጂ በአየሩ መጠን አይቀንስም። በስሌት ሲታይ፣ ለባሕር ጠረፍ የተለካ ካርቡረተር ደባርቅ ላይ ድብልቁን በመቶ 15 ያህል ያወፍረዋል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል፤ በዚህ ልክ የተስተካከለ ሞተር ደባርቅ ሲደርስ 12.7 ኪሎ ገደማ አየር ብቻ ያገኛል። የቀረው ቤንዚን ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ በካንዴላ ላይ ይለጠፋል፣ የሲሊንደሩንም ዘይት አጥቦ ያቀጥነዋል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ለገዢው እውነቱን ሊነግረው ይገባል። አየሩ በሩብ ስለ ቀነሰ የሞተሩም ጉልበት በሩብ ያህል መቀነሱ አይቀርም፤ ይህን ማናቸውም ካርቡረተር ወይም ካንዴላ አይመልሰውም። በማስተካከል የሚመለሰው የሚባክነው ቤንዚንና የሚበላሸው ዕቃ ነው። «ይህን ግዛ፣ ጉልበቱ እንደ አዲስ ይሆንልሃል» ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ ዛሬ አንድ ዕቃ ሸጦ ነገ አንድ ደንበኛ ያጣል።

የጥገናው ሥርዓትም መታወቅ አለበት። ሞተር በታወከ ጊዜ ብዙዎች አስቀድመው የሚፈቱት ካርቡረተሩን ነው። ነገር ግን የካርቡረተር ሕመም የሚመስለው ብዙ ጊዜ የእሳቱ ሕመም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካቻቢቴ ወደ ካርቡረተሩ ከመሄዱ በፊት ካንዴላው ይፈታ፤ መልኩም ይታይ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ የያዘ እንደ ሆነ ድብልቁ ወፍሯል ወይም የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ዘይት የነካው እርጥብ ከሆነ ችግሩ ከፒስቶን ቀለበት ወይም ከቫልቭ ነውና ካርቡረተር መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ድብልቁ ሳስቷል፣ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል።

በአሮጌዎቹ መኪናዎች ዲስትሪቡተር ውስጥ ፑንቲናና ኮንደንሰር አሉ። የፑንቲናው ክፍተት በብዙ ሞተሮች ላይ ከ0.35 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ባለው መካከል ነው፤ ትክክለኛው ልክ በፋብሪካው መጽሐፍ ይገኛል። ፑንቲናው በካሙ ላይ የሚፋቀው ክፍል እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ከጊዜው ይዘገያል፤ እሳቱ ሲዘገይ ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚንም ይበላል። ኮንደንሰሩ ሲበላሽ ደግሞ አዲሱ ፑንቲና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቃጠላል። ፑንቲና ብቻ ሸጦ የኮንደንሰሩን ነገር ሳያነሣ ገዢውን የሚሸኝ ባለሱቅ ግማሽ ዕቃ እንደ ሸጠ ይቆጠራል። በባጃጅና በአብዛኞቹ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች ግን ማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክ ስለ ሆነ ፑንቲና የላቸውም፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ካንዴላ፣ ንጹሕ ገመድና ጠባቂ ቆብ ነው።

ስለ ካንዴላ ቁጥርም ባለሱቆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የካንዴላው ቁጥር ሙቀትን የማስወገድ ችሎታውን ያመለክታል፤ ዳሩ ግን ፋብሪካዎች ሁሉ አንድ ሥርዓት አይከተሉም። በኤን.ጂ.ኬ. እና በዴንሶ ካንዴላዎች ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ በቦሽና በሻምፒዮን ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሞቃት ነው። ይህን ሳያውቅ «ቁጥሩ ይቀራረባል» ብሎ አንዱን በሌላው የሚተካ ሰው ወፍራም ድብልቅ ለሚያቃጥል የደጋ ሞተር ቀዝቃዛ ካንዴላ ሊሸጥ ይችላል፤ ካንዴላውም ወዲያው ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ፋብሪካው ሳይሆን ሱቁ ነው።

እሳቱ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠና የአየር ፊልትሮው ከጸዳ በኋላ ወደ ካርቡረተሩ መመለስ ተገቢ ይሆናል። እዚህም ላይ በየጋራዡ የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ ይኸውም የተዘጋች ጄትን በሽቦ መውጋት ነው። በብዙ ፋብሪካዎች አሠራር በጄቷ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 100 የሚል ቁጥር ያላት ጄት 1 ሚሊሜትር ስፋት አላት ማለት ነው። ናስ ለስላሳ ብረት በመሆኑ የብረት ሽቦ ጥቂት ፍቆ ቢያሰፋው 100 የነበረችው 105 ትሆናለች፤ ቁጥሯ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የትኛውም መካኒክ ምክንያቱን ሊያገኘው አይችልም። ጄት በማጠቢያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ይጸዳል እንጂ በሽቦ አይወጋም። ለደባርቅ ከፍታ የሚስማማው መፍትሔ በቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ጄት ናት፤ በስሌት 100 ቁጥር የነበረው ወደ 93 ገደማ ይወርዳል። ፋብሪካው የከፍታ ሠንጠረዥ ያዘጋጀ እንደ ሆነ ግን ከስሌቱ ይልቅ ሠንጠረዡ ይታመናል።

ይሁን እንጂ ጠባብ ጄት ለሁሉ ሰው አይሸጥም። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች የቈረጡትን የሊማሊሞን ገደል ተከትሎ ወደ ዛሪማ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ለደጋ ብቻ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ከባድ ጭነትና ቆላው ሙቀት ሲጨመርበት ቫልቭና ፒስቶን እስከ መቃጠል ሊደርስ ይችላል። እሳቱን ከወትሮው ጥቂት ዲግሪ አስቀድሞ እንዲነሣ ማድረግ በደጋ ቢጠቅምም በቆላ ሞተሩን ያንኳኳዋል። በአንጻሩ ደግሞ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ቸነቅ የሚወጣው መኪና ከ3,200 ሜትር አልፎ እስከ 3,600 ሜትር ይደርሳልና ይበልጥ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ባለሱቁ መለዋወጫ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሞተሩ የሚውለው የት ነው?» የሚለው ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ ባጃጅ አንድ መልስ አለው፤ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ሌላ መልስ አለው፤ ለሁለቱም አገር የሚሠራው ደግሞ መካከለኛውን መምረጥ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚህም የተነሣ በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች በሌላ የቤንዚን መኪና ይተካሉ ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል፤ ያሉት በጥገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው። ከዚያም በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። የነዳጅ ድጎማውም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በቀን 5 ሊትር የሚያቃጥል ሞተር ከዚያ ውስጥ አሥረኛውን እጅ ቢያባክን ግማሽ ሊትር ነው፤ በወር 25 ቀን ቢሠራ 12 ሊትር ተኩል ይሆናል። በሊትር 100 ብር ብቻ ቢታሰብ እንኳ በየወሩ 1,250 ብር በጭስ ይጠፋል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከባለባጃጁ ኪስ ወጥቶ ወደ ማንም ነጋዴ ኪስ አይገባም፤ ለሁሉም የጠፋ ገንዘብ ነው።

አስመጪዎች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ጥቃቅን ዕቃ ካፒታል ይይዛል፣ ዓይነቱ ይበዛል፣ ትርፉም ያንሳል፤ አንድ ሙሉ ካርቡረተር መሸጥ ግን በአንድ ጊዜ ይጠቅማል ይላሉ። አንዳንዶችም የቤንዚን ሞተር ዘመኑ እያለፈ ስለ ሆነ በመለዋወጫው ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም ይላሉ። ለፊተኛው ክርክር መልሱ የሒሳብ ነው። ገዢው በሙሉ ካርቡረተር አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ አይመለስም፤ ጄት፣ ጓርኒሲዮን፣ የቋት መርፌ፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ካንዴላ ግን በየጊዜው የሚያልቁ ዕቃዎች በመሆናቸው ደንበኛውን ዘወትር ወደዚያው ሱቅ ያመላልሱታል። የዕቃው ዓይነት ይበዛል የተባለውም ቢሆን በአካባቢው የሚሠሩት ሞተሮች ዓይነት ከተቈጠረ ከጥቂት ቤተሰብ የማያልፍ ሆኖ ይገኛል። ለሁለተኛው ክርክር ደግሞ ዘመኑ የሚያልፍ ነገር እንዳለ ቢታመንም የሚያልፈው በአንድ ቀን አይደለም። አዲስ መኪና ባይገባ እንኳ ያለው ሞተር፣ የውሃ መሳቢያውና ጄኔሬተሩ ነገም ጠዋት መነሣት አለባቸው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ዕቃውን ከሚፈለገው በላይ አለማከማቸት ነው፤ ምክንያቱም አዳዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚን በመርጫ የሚቀበሉ ሆነው ከፍታን በራሳቸው የሚለኩ ስለ ሆኑ ጄት አያሻቸውም። የናፍጣ ሞተሮችም ካርቡረተርና ካንዴላ የላቸውም።

የገጠሩ ገዢ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የመስኖ ውሃ መሳቢያ በበጋ ይሠራል፤ ክረምቱን ግን በጎተራ ጥግ ይቀመጣል። በካርቡረተሩ ቋት ውስጥ የቀረው ቤንዚን በእነዚህ ወራት ውስጥ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ በጥቅምት ገበሬው ሊያስነሣው ሲሞክር ጄቷ ተደፍና ያገኛታል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሞተሩ ከመከተቱ በፊት የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ እስኪጠፋ ድረስ ማሠራትና ቋቱን ማንጠፍ ነው። ይህችን አንዲት ምክር በሽያጭ ጊዜ በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ጨምሮ የሚሰጥ ሱቅ ዋጋው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚንም ውሃና ዝቃጭ ሊይዝ ስለሚችል በማጥለያ እንዲቀዳ መምከር ይገባል።

ከደጋው ወደ ጣና የሚወርዱ ነጋዴዎችም ይህን ነገር የተራራ ጉዳይ ብቻ አድርገው መቁጠር የለባቸውም። የጣና ሐይቅ 1,790 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በባሕር ዳርና በጎርጎራ በቤንዚን የሚሠራ የጀልባ ሞተር ለባሕር ጠረፍ በተለካ ካርቡረተር ሲሠራ ድብልቁ በመቶ 9 ያህል ይወፍራል። በተለይም ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ የተገጠመ እንደ ሆነ ሌላ አደጋ ይከተላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከሚያንጠባጥብ ካርቡረተር የወጣው ትነት በጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ መውጫም የለውም። ስለዚህ ለጀልባ የተሠሩት ዲስትሪቡተርና ማስነሻ ሞተር የውስጥ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆነው የተሸፈኑ ናቸው። የመኪናው ዕቃ በብሎኑም በመልኩም ቢገጥም ይህ መከላከያ የለውም። «ያው ነው፣ ይገጥማል» ብሎ የመኪና ዲስትሪቡተር ለጀልባ የሚሸጥ ሰው እሳት እንደ ሸጠ ይወቅ። ሞተሩ ከመነሣቱም በፊት ሽፋኑ ተከፍቶ አየር እንዲገባ መደረግ አለበት።

ላኪዎችም ቢሆኑ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ መግቢያውና ጽሕፈት ቤቱ በደባርቅ ነው። እንግዳ የሚያመጣው የውጭ ምንዛሪ እንደ ማናቸውም የወጪ ንግድ ገቢ የሚቆጠር ነው። እንግዳውን የጫነ አሮጌ መኪና በዳገቱ ላይ በጥቀርሻ ታፍኖ ሲቆም የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ ሳይሆን ሆቴሉ፣ መሪው፣ የበቅሎ ባለቤቱና ባለሱቁ ጭምር ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል ሰው፣ ነገሩ በሦስት ሥራ የሚጠቃለል ነው። አንደኛ፣ አስመጪው ትእዛዙን ለፋብሪካ ሲጽፍ ዕቃው የሚሠራበትን ከፍታ በሜትር ይግለጽ፤ ለከፍታው የሚስማሙትን ጄቶችና የማስተካከያ ሠንጠረዡንም አብሮ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ያሉ ባለሱቆች አንድ አስመጪ ብቻውን የማይሸከመውን ጥቃቅን ዕቃ በኅብረት ያዝዙ፤ የየአካባቢያቸውን ሞተር ዓይነትና ብዛት ቈጥረው ዝርዝሩን ለምክር ቤታቸው ቢያቀርቡ ትእዛዙ ለፋብሪካውም የሚበቃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ባለሱቁ የፋብሪካውን ዕቃ ከተመሳሳዩ ለይቶ በየስማቸው ይሽጥ፤ ዋጋቸውንም ለየብቻ ይጻፍ። ተመሳሳይ ዕቃ መሸጥ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ነውሩ በፋብሪካው ስም መሸጡ ነው።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። መለዋወጫ ከመሸጥም በፊት መለዋወጫው የሚሠራውን ሥራና የሚሠራበትን አገር ማወቅ ይቀድማል። የናስ ጄት በመዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን በእርስዋ በኩል የሚያልፈው ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። በየቀኑ በከንቱ የሚያልፈውን ለማስቀረት ከነጋዴው የሚጠበቀው ትክክለኛዋን ጄት በመደርደሪያው ላይ ማኖርና ለገዢው ያንኑ ጥያቄ፣ የሚውልበትን ስፍራ፣ መጠየቅ ነው።